የሽማግሌ ድካም በማን ሚዛን ይመዘናል?

ሰው በጕልምስናው የተሸከመውን የጸሎት፥ የጾምና የስግደት ሸክም በሽምግልናው መሸከም ሲያቅተው፥ ይህ የሥጋ ድካም ነው ወይስ የነፍስ መታከት? ጥያቄው አዲስ አይደለም፤ በዐቢይ ጾም መግቢያ ከአንድ ሽማግሌ ፊት ተቀምጦ ንስሐ የተቀበለ ካህን ሁሉ ሳይወድ በግድ ይገናኘዋል። መልሱ ግን ቀላል ይመስላል። እኔም አንድ አባት በእኔ ፍርድ ምክንያት ወድቀው አጥንታቸው እስኪሰበር ድረስ ቀላል ይመስለኝ ነበር።

እኒህ አባት የወገራ ገበሬ ነበሩ፤ ልጆቻቸው ጎንደር ከተማ ስለሚኖሩ በእርጅናቸው ከደጋው ወርደው ከልጆቻቸው ጋራ ተቀመጡና የእኔ የንስሐ ልጅ ሆኑ። ዳዊት የሚደግሙ፥ ሰንበትን የማያጓድሉ፥ በአገራቸውም ሳሉ ደም ለማድረቅና ባልና ሚስት ለማስታረቅ የሚጠሩ ሰው ነበሩ። ከጥቂት ዓመት ወዲህ ግን ቅዳሴው ሳይፈጸም ይወጣሉ፤ የጀመሩትን መዝሙር መካከል ላይ ይስቱታል፤ እግራቸውን ከመሬት ሳያነሡ እየጐተቱ ይሄዳሉ። ቤተሰቡ «ሰነፉ» ይላል። እርሳቸውም ቤተሰቡ ያለውን አምነው፥ ስንፍናን እንደ ኀጢአት ቈጥረው ተናዘዙልኝ። እኔ ደግሞ ለስንፍና መድኃኒቱ ትጋት ነው ብዬ በየሌሊቱ አርባ አርባ ስግደት ለዘጠኝ ሌሊት አዘዝኋቸው። ምንም አልጠየቅኋቸውም። በመጨረሻው ሌሊት ከስግደት ሲነሡ ራሳቸውን አዞራቸው፤ ወደቁና የዳሌ አጥንታቸው ተሰበረ።

የመረመራቸው ሐኪም በዕድሜው ልጄ ሊሆን የሚችል ወጣት ነው። የደማቸውን ግፊት ለካ፤ በመብራት ወደ ዐይናቸው ውስጥ ተመለከተ፤ ራሳቸውንም ፎቶ አስነሣ። ከዚያ በኋላ ወደ ውጭ ጠርቶኝ፥ የእኒህ አባት የአንጎላቸው ቀጫጭን የደም ሥሮች ከብዙ ዓመት ጀምሮ የተጐዱ ናቸው፤ የአረማመዳቸው መዘግየት፥ የሐሳባቸው መቈራረጥ፥ ሽንትም ቶሎ ቶሎ ማስቸኰሉ ከዚሁ ሊመጣ ይችላል አለኝ። ይህን ስሰማ ከቅዳሴ መካከል ለምን ይወጡ እንደ ነበር ገባኝ። እርሳቸው ሽንት ነው ማለትን አፍረዋል፤ እኔም ለምን ብዬ መጠየቅን ንቄአለሁ። በዚህ ጽሑፍ ላነሣ የወደድሁት ነገር ከዚህ የተነሣ ነው።

የቀጭን የደም ሥርን ነገር ሊቃውንቱ ራሳቸው ያወቁት ዘግይተው ነው። እንግሊዛዊው ሐኪም ዊልያም ሃርቪ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1628 ባሳተመው መጽሐፍ ደም ከልብ ወጥቶ ወደ ልብ የሚመለስ መሆኑን አስረዳ፤ ነገር ግን ከሚሄድበት ሥር ወደሚመለስበት ሥር በምን እንደሚሻገር ማየት አልቻለም። መሻገሪያውን በ1661 በአጉሊ መነጽር ከእንቍራሪት ሳንባ ላይ ያየው ጣሊያናዊው ማልፒጊ ነው። ሃርቪ በዚያን ጊዜ በሕይወት አልነበረም። እነዚህ መሻገሪያዎች እጅግ የቀጠኑ ከመሆናቸው የተነሣ የራስ ጠጕር ከእነርሱ አሥር እጅ ያህል ይወፍራል፤ የደም ቅንጣቶች በወርድ ማለፍ ስለማይችሉ በጠባብ ደጅ እንደሚገባ ሕዝብ አንዲቱ ከአንዲቱ ኋላ ሆነው፥ ያውም ጐበጥ እያሉ ያልፋሉ። የምንበላው ምግብና የምንተነፍሰው አየር ለሥጋችን የሚታደለው በዚህ ስፍራ ነው። ታላላቆቹ ሥሮች መንገድ ብቻ ናቸው።

የጎንደር ሰው ነገሩን ከጥምቀተ ባሕሩ ሊረዳው ይችላል። በየዓመቱ ለጥምቀት የፋሲል መዋኛ የሚሞላው ከቀሃ ወንዝ በቦይ በሚመጣ ውኃ ነው። ወንዙ ሙሉ ቢሆን፥ መዋኛውም ያልተሰነጠቀ ቢሆን፥ ቦዩ ደለል ከያዘው ግን ውኃው አይደርስም፤ ከሩቅ ለሚያየው ሰው ወንዙም መዋኛውም ደኅና ናቸው። የሽማግሌው ሥጋም እንዲሁ ነው። ልቡ ይመታል፤ ፊቱ ወዝ አለው፤ ድምፁ አልጠፋም፤ ቀጫጭኖቹ ቦዮች ግን ግድግዳቸው ደድሮ ቀዳዳቸው ጠብቧል። በአንጎል ውስጥ ሲሆን፥ አንዱን ክፍል ከሌላው የሚያገናኘው ጥልቁ ስፍራ በጥቂት በጥቂቱ ይራባል። አንዳንዱ ጕዳት እጅና እግርን በድንገት እንደሚያሰንፈው እንደ ትልቁ ምታት ሳይሆን፥ ድምፅ ሳያሰማ ያልፋል፤ ሕመምተኛው ራሱ የቀኑን ዕለት አያውቀውም። በኵላሊትና በዐይንም እንዲሁ ይደርሳል፤ ሐኪሙ ወደ ዐይን ውስጥ መመልከቱም ሥጋ ሳይቀደድ ቀጭን የደም ሥር በግልጥ የሚታየው በዚያ ስለ ሆነ ነው።

ይህን ሁሉ ከሚያመጣው ዋነኛው ሕዝባችን «ደም ብዛት» የሚለው ነው። ስሙ ያሳስታል፤ ደሙ በዝቶ አይደለም፥ ሥሩን የሚገፋበት ኃይል በርትቶ ነው እንጂ። ስለዚህ ደም በማስወጣት፥ ነጭ ሽንኵርት በመብላት ብቻ ይለቃል ብሎ የሚያምን ሰው ስሙ ራሱ አታሎታል። የስኳር በሽታ፥ ትምባሆ፥ ጨው የበዛበት ወጥም ይረዱታል። ዕድሜ ደግሞ ብቻውን የሚያመጣው ድርሻ አለ፤ ማንም አያመልጠውም።

እዚህ ላይ የእኛ የደገኞች ትምክሕት ይነሣል። ደገኛ ጕልበቱ አይከዳውም፥ ዳገት አያደክመውም፥ የሚሰንፈው ከተሜ ነው እንላለን። ትምክሕቱ ፈጽሞ ውሸት አይደለም። እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ2002 በወጣ አንድ ጥናት፥ በሰሜን ተራሮች ከባሕር ወለል በላይ 3,530 ሜትር ከፍታ ላይ የሚኖሩ ወገኖቻችን ደማቸው ተመርምሮ፥ በዚያ ቀጭን አየር ውስጥ እየኖሩ የደማቸው ውፍረትና በደማቸው ያለው አየር በባሕር ዳርቻ ከሚኖር ሰው ጋራ የተቀራረበ ሆኖ ተገኝቷል። የደቡብ አሜሪካ ተራራ ነዋሪዎች ደማቸው በጣም ይወፍራል፤ የእኛዎቹ ግን እንዲህ አልሆኑም። አምላክ ለፍጥረቱ እንደየአገሩ ያዘጋጀለትን ማየት ደስ ያሰኛል። ነገር ግን ይህ ስለ ከፍታና ስለ አየር የተሰጠ ጸጋ ነው፤ ስለ ሽምግልና የተሰጠ ቃል ኪዳን አይደለም። በደባርቅና በዳባት መንገድ ላይ ምርኵዝ ይዞ የሚያዘግመውን ሽማግሌ የሚያይ ሰው ይህን ለመረዳት መጽሐፍ አያስፈልገውም።

የቀደሙት መጻሕፍትም ቢሆኑ የሽማግሌን ድካም አልሸሸጉም። ሰሎሞን በመጽሐፈ መክብብ 12ኛው ምዕራፍ ሥጋን በቤት መስሎ ሲናገር፥ ተርጓሚዎች የቤት ጠባቂዎቹን እጆች፥ ኃያላኑን እግሮች፥ ፈጭዎቹን ጥርሶች፥ በመስኮት የሚያዩትን ዐይኖች እያሉ ይፈቱታል። ከዚያ ወደ ገመዱ፥ ወደ ማሰሮውና ወደ ምንጩ ይደርሳል። ጆን ስሚዝ የሚባል እንግሊዛዊ ሐኪም በ1666 ስለዚህ ምዕራፍ መጽሐፍ ጽፎ፥ ሰሎሞን የደምን ዝውውር ከሃርቪ አስቀድሞ ያውቅ ነበር እስከ ማለት ደርሷል። እኔ እስከዚያ አልሄድም፤ መጽሐፍ የተጻፈው ለሕክምና ትምህርት አይደለምና። ነገር ግን ጠቢቡ የሽማግሌውን ድካም ሲዘረዝር አንዲት ስንኳ የወቀሳ ቃል አለማስገባቱን ልብ እላለሁ።

ንጉሥ ዳዊት በሸመገለ ጊዜ ልብስ ቢደርቡለት አልሞቀውም። ጎልያድን የጣለ፥ በታቦቱ ፊት የዘለለ ያ ሥጋ ነው የበረደው። ይስሐቅ ዐይኑ ፈዝዞ ልጁን ከልጁ መለየት አቃተው። ካህኑ ዔሊ በ98 ዓመቱ ከወንበሩ ወደ ኋላ ወድቆ አንገቱ ተሰብሮ ሞተ፤ መጽሐፉም ስለ አወዳደቁ ሲናገር መሸምገሉንና መክበዱን ምክንያት አድርጎ ይሰጣል። ቤርዜሊ ደግሞ 80 ዓመት ሲሞላው ዳዊት ወደ ኢየሩሳሌም አብሮት እንዲሄድ ቢለምነው፥ የምግብን ጣዕም እንደማይለይ፥ የዘፋኞችንም ድምፅ እንደማይሰማ ተናግሮ በትሕትና ተሰናበተ፤ ዳዊትም አላስገደደውም፤ ስሞ መርቆ ሰደደው። ንጉሡ የሽማግሌውን ቃል በሽማግሌው ሚዛን ተቀበለ። ሙሴ በአማሌቅ ጦርነት ቀን እጁ በከበደ ጊዜ አሮንና ሖር ድንጋይ አምጥተው አስቀመጡት፤ እጁንም ከዚህና ከዚያ ደገፉት። ጸሎቱ ተቀምጦ ስለ ጸለየ አልጐደለም፤ ፀሐይ እስክትገባ ድረስ እስራኤል ድል አደረገ።

ወንድሞቼ ካህናት በዚህ ቦታ የሚመልሱልኝን አውቃለሁ። አባታችን አቡነ ተክለ ሃይማኖት እግራቸው እስኪሰበር ድረስ ቆመው፥ ከተሰበረም በኋላ በአንድ እግራቸው ሰባት ዓመት ጸልየው የለምን? ይላሉ። አዎን፥ ጸልየዋል። ነገር ግን ያን ገድል ማን አዘዛቸው? ከእርሳቸው በታች ያለ አንድ ካህን «እግርህ እስኪሰበር ቁም» ብሎ ቀኖና አልሰጣቸውም፤ በፈቃዳቸውና በተሰጣቸው ጸጋ ያደረጉት ነው። ቅዱስ በራሱ ላይ የወሰደውን ሸክም አንሥቶ በሌላው ሽማግሌ ጫንቃ ላይ መጫን ቅዱሱን መምሰል አይደለም፤ የሚሰብረው የሌላውን ሰው እግር ነውና። ፍትሐ ነገሥት ስለ ጾም በሚናገርበት በ15ኛው አንቀጽ ጾምን የሚተውን ካህን በብርቱ የሚቀጣውን የሐዋርያት ቀኖና ሲያስገባ፥ በሥጋ ሕመም የተከለከለውን ግን ለይቶ አውጥቶታል። ሕጉ ሕመምን ያውቃል። ጥፋቱ ሕመሙን አለማወቅ ነው፤ በቀጭን የደም ሥር ላይ የደረሰ ሕመም ደግሞ ቍስል የለውም፥ እብጠት የለውም፥ የሚታየው ልክ እንደ ስንፍና ሆኖ ነው።

ታዲያ ሽማግሌ የሆነ ሁሉ ከሥራ ይውጣ ማለቴ አይደለም። እንዲያውም ከመጀመሪያው ስሕተት የማይተናነስ ሌላ ስሕተት አለ፤ ይኸውም በርኅራኄ ስም ሽማግሌውን ከአልጋ ጋራ ማሰር ነው። «አባባ፥ እርስዎ ይረፉ» እያሉ ከቤተ ክርስቲያን አስቀርተው፥ ከገበያ አስቀርተው፥ ከማጀት ውኃ ቀድቶ እንዳይጠጣ ስንኳ ከልክለው፥ በስድስት ወር ውስጥ ሽባ የሚያደርጉ ልጆች አሉ። ሐኪሞች የሽማግሌን ድካም ለማወቅ ከ2001 ጀምሮ የተቀበሉት አንድ መለኪያ አለ፤ ሳይፈልጉ መክሳት፥ ዘወትር መዛል፥ የእጅ ጭብጥ መላላት፥ አረማመድ መዘግየት፥ እንቅስቃሴ ማነስ ናቸው። ከአምስቱ ሦስቱ የተገኙበት ሰው ትንሽ ነገር ይጥለዋል፤ ከወደቀም በቀላሉ አይነሣም። ከእነዚህ ግን የሚመለሱ አሉ። በ1990 በአሜሪካ በቦስቶን ከተማ 90 ዓመት ገደማ የሆናቸው ጥቂት ሽማግሌዎች በሐኪም ጥበቃ ስምንት ሳምንት እግራቸውን በክብደት ቢያለማምዱ፥ የእግራቸው ኃይል ከእጥፍ በላይ ጨምሯል። ሥጋ ሲሠራ ቀጫጭኖቹ የደም ሥሮች ይታደሳሉ፤ ሲተኛ ይቀንሳሉ። ስለዚህ በማለዳ ወደ ቤተ ክርስቲያን መሄድ፥ ዐፀዱን በእርጋታ መዞር፥ የሚችለውን ያህል መስገድ ለሽማግሌ ነፍስ ብቻ ሳይሆን ለሥጋውም መድኃኒት ነው። ልዩነቱ ያለው በልኩ ላይ ነው፤ ልኩንም የሚያውቀው የጠየቀ ሰው ብቻ ነው።

ስለ እናቶቻችን አንድ ነገር ሳልናገር ማለፍ አይገባኝም። ሽማግሌው ሲደክም ቢያንስ «ሰነፈ» ተብሎ ይታወቅለታል፤ አሮጊቲቱ ግን ደክማም ትፈጫለች፥ ጪስ ውስጥ ተቀምጣ ትጋግራለች፥ የልጅ ልጅ ታዝላለች፤ ስትወድቅ ነው የሚታወቀው። ለንስሐ በመጡ ጊዜም ስለ ሕመማቸው አይናገሩም፤ ስለ ሌሎች ሕመም ጸሎት ይጠይቃሉ እንጂ።

የጾሙ ነገር ከሁሉ ይልቅ ጥንቃቄ ይፈልጋል። የስኳር መድኃኒት የሚወስድ ሰው መድኃኒቱን ውጦ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ቢጾም፥ ስኳሩ ከልክ በታች ወርዶ ራሱን ሊስት ይችላል። ሽንት የሚያስወጣ የደም ግፊት ክኒን የሚወስደው ደግሞ ውኃ ሳይጠጣ በበጋ ፀሐይ ቢውል ሲነሣ ዐይኑ ይጨልማል። አንዳንዱ ይህን ሲያይ ጾሙን አያፈርስም፥ መድኃኒቱን በገዛ እጁ ይተዋል፤ ግፊቱም ማንም ሳያውቅ ተመልሶ ይወጣል። ከእነዚህ የባሰው ግን ጸበል ገባሁ ብሎ ክኒኑን የሚጥለው ነው። ብፁዕ ወቅዱስ አቡነ ጳውሎስ ፓትርያርክ በነበሩበት ዘመን፥ በ2007 እንደ አውሮፓ አቈጣጠር፥ የኤች አይ ቪ ሕሙማን ጸበሉንም መድኃኒቱንም አብረው እንዲወስዱ መክረው ነበር። የደም ግፊትስ ከዚህ በምን ይለያል? ሲራክ በ38ኛው ምዕራፍ ሐኪምን ስለ ማክበርና መድኃኒት ከምድር የተፈጠረ ስለ መሆኑ ያስተማረውን ሁላችን ተምረነዋል፤ ኢሳይያስም ለሕዝቅያስ ከጸሎቱ ጋራ የበለስ ጥፍጥፍ በቍስሉ ላይ እንዲደረግለት አዝዟል። ነቢዩ የበለሱን ጥፍጥፍ አለማመን ነው ብሎ አልጣለውም።

በእኛ አገር ደግሞ ሐኪም ሩቅ ነው ለማለት የሚቻልበት ዘመን እየጠበበ ሄዷል። የጎንደር የጤና ጥበቃ ኮሌጅና ማሠልጠኛ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1954 ሲቋቋም ዋናው ጠላት ወባና ወረርሽኝ ነበር፤ ዛሬ ዩኒቨርሲቲ ሆኖ ያደገው ያው ቤት ከ1996 ጀምሮ በዳባት ወረዳ የሕዝቡን ልደትና ሞት እየመዘገበ ሲከታተል ቆይቷል። በከተማው ያለ ጤና ጣቢያ የደም ግፊት ለመለካት አምስት ደቂቃ አይፈጅበትም። ከሩቅ ደጋ ላለው ግን አሁንም የግማሽ ቀን መንገድ ሊሆንበት እንደሚችል አውቃለሁ፤ በዚህ መካከል ሽማግሌው ሕመሙን አስቀድሞ የሚነግረው ሰው ቢኖር ከሐኪሙ በፊት የንስሐ አባቱ ነው።

እኔ ከዚያ ቀን ወዲህ ዕድሜው ለገፋ ሰው ቀኖና ከመስጠቴ በፊት የምጠይቃቸው ጥቂት ጥያቄዎች አሉኝ። በዚህ ዓመት ወድቀው ያውቃሉ? ከመቀመጫ ሲነሡ ያዞርዎታል? ምን መድኃኒት ይወስዳሉ? ከቅዳሴ የሚወጡ ከሆነ ምን ያስወጣዎታል? የመጨረሻውን ስጠይቅ ድምፄን ዝቅ አደርጋለሁ፤ ብዙዎቹም ከዚያ በኋላ ነው የሚናገሩት። አንድ ባልንጀራዬ ይህ የሐኪም ሥራ እንጂ የካህን አይደለም ብሎኛል። ሰውን በቀኖና የሚጥለው ካህን ከሆነ፥ ከመውደቁ በፊት መጠየቁ የማን ሥራ ይሆናል? ስግደት ያቃተው ምጽዋት አለው፤ መቆም ያቃተው ተቀምጦ ዳዊት ይደግማል፤ መድገም ያቃተው የልጅ ልጁን አስቀምጦ ያስደግማል። ቀኖና የሚለወጥ ነገር መሆኑን ሁላችን እናውቃለን፤ ለሽማግሌ ስንለውጥ ግን የቀነስንለት ይመስለናል።

እኒያ የወገራው አባት ከብዙ ወራት በኋላ በምርኵዝ መሄድ ጀመሩ። ልጠይቃቸው ብሄድ ፀሐይ ፊት ለፊት በመደብ ላይ ተቀምጠው አገኘኋቸው፤ ዳዊታቸው ከጕልበታቸው ላይ ነው፤ የት እንደ ደረሱ እንዳይጠፋቸው በመካከሉ ክር አድርገዋል። ይቅር ይበሉኝ አልኋቸው። ስለ አጥንታቸው የምናገር አልመሰላቸውም።

«አንቱማ ምን በደሉ» አሉኝ፤ «ቈጥሬዋለሁ። በመጨረሻዪቱ ሌሊት ሃያ ስምንት አድርሼ ነው የወደቅሁት። አሥራ ሁለት ይቀረኛል፥ አባ፤ እርሱን ምን ላድርገው?»

እኔ እሰግደዋለሁ አልኋቸው። ማታውኑ ሰገድሁት፤ ከአሥራ ሁለተኛው ስነሣ ጕልበቴን በሁለት እጄ ይዤ ነበር።